ንጉሡ እንዳያነበው የተጻፈ መዝገብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ዕድል በተሰጠን ጊዜ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገር» ብለው ነበር። ዳሩ ግን ከደመወዙ ቀንሶ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ የትምህርትን ጥቅም ከኛ አብልጦ ስለሚያውቅ ሌላ ርእስ መረጥን። ይኸውም በዚህ ዓመት በታሪክ ክበባችን ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስላየናቸው የኮሪያ የቤተ መንግሥት ፊልሞች ነው። ፊልም የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር።

የኮሪያ ስም ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን) የቃኘው ሻለቃ ወደዚያ ዘምቷል፤ ከክፍላችንም ቅድመ አያቱ የኮሪያ ዘማች የነበረ አንድ ጓደኛ አለን። ፊልሞቹን ያስመረጠን እርሱ ነው። ጦርነት እናያለን ብለን ተቀመጥን፤ ያየነው ግን ከዚያ ጦርነት ብዙ መቶ ዓመት የሚቀድመውን የጆሶንን ቤተ መንግሥት ነው። የጆሶን ነገሥታት ከ1392 እስከ 1910 ድረስ ከአንድ ዘር እየተወለዱ 27 ሆነው ገዝተዋል። አጎት በወንድሙ ልጅ ላይ ሲያድም፥ እቴጌይቱና ዕቁባቲቱ ሲጣሉ፥ ባለሟል በመጋረጃ ኋላ ቆሞ ሲያዳምጥ፥ የተሻረ ንጉሥ ወደ ግዞት ሲላክ ማየት፥ የግሸንንና የወህኒን አምባ ታሪክ ለተማረ ልጅ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም።

መጀመሪያ ያየነው በ2012 የወጣውን የቹ ቻንግ ሚንን ፊልም ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጓንግሄ፥ ንጉሥ የሆነው ሰው» ማለት ነው። ንጉሥ ጓንግሄ እገደላለሁ ብሎ ስለ ፈራ፥ መልኩ ቍርጥ እርሱን የሚመስል አንድ ቀልደኛ ተፈልጎ በስውር ወደ ግቢ ይገባል። ንጉሡ ታሞ ሲወድቅ ቀልደኛው በዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱንም ሆኖ የሚጫወተው ሊ ብዩንግ ሁን ነው። ቀልደኛው በመጀመሪያው ቀን የቀረበለትን ማዕድ ሁሉ ጠራርጎ ይበላል፤ በኋላ ግን ደንገጡሮቹ የሚበሉት ከንጉሡ ገበታ የተረፈውን መሆኑን ሲሰማ፥ ምግቡን እንዳለ ትቶ አንዲት ገንፎ ብቻ ቀምሶ ይነሣል። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ዝም አለ። በኮሪያ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይህን ፊልም ማየቱን ስንሰማ አልተደነቅንም።

ጥፋታችን የተሠራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በክርክር ሰዓት ከወገናችን አንዱ ተነሥቶ፥ «በ1616 ዓ.ም. ኮሪያን 15 ቀን የገዛት ድኻ ቀልደኛ ነበር፤ ከዚያም የተሻለ ንጉሥ አላየችም» ብሎ በታላቅ ድምፅ ተናገረ። እኛም አጨበጨብን። የታሪክ መምህራችን ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው፥ «ልጆቼ፥ የት ተጽፎ አገኛችሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ፈልገን ያገኘነው ይህን ነው። በዚያ ዓመት መዝገብ ላይ ንጉሡ ሊሰወር የሚገባው ነገር በቤተ መንግሥቱ የወሬ ጋዜጣ እንዳይወጣ ማዘዙ ተጽፏል። ሌላው ሁሉ፥ ቀልደኛውም 15ቱ ቀንም ገንፎውም፥ ከዚህች ከአንዲት ትእዛዝ ላይ በፊልም ሠሪዎች የተሠራ ቤት ነው። እውነተኛው ጓንግሄ በ1623 ተሽሮ በግዞት ሞተ።

እንግዲህ ከፊልሞቹ ይልቅ መዝገቡ ራሱ ያስደንቀን ጀመር። በጆሶን ቤተ መንግሥት ንጉሡ በተቀመጠበት ጉባኤ ሁሉ ታሪክ ጸሐፊ አብሮ ይቀመጥና የተባለውን ይጽፍ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ረቂቁ ሁሉ ተሰብስቦ የዚያ ንጉሥ ዜና መዋዕል ይዘጋጃል፤ በሕይወት ያለው ንጉሥ ግን እንዲያነበው አይፈቀድለትም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ላይ ሳለ ከፈረስ ወደቀና፥ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው ታሪክ ጸሐፊው ይህን እንዳያውቅ አለ። ጸሐፊውም መውደቁን ጻፈ፤ እንዳያውቅ ማለቱንም ጨምሮ ጻፈ! ይህን ስናነብ ከሳቃችን ብዛት የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ገሠጹን።

ይህ ዜና መዋዕል የ472 ዓመት ታሪክ ይዞ 1,893 ክፍል አለው። በአራት ቦታ ይጠበቅ ነበር፤ በ1592 የጃፓን ጦር በገባ ጊዜ ሦስቱ ቦታዎች ተቃጠሉ። በጆንጁ ከተማ የነበረውን ሁለት ሽማግሌዎች፥ አን ዊና ሶን ሆንግ ሮክ የሚባሉ ምሁራን፥ ወደ ናጃንግ ተራራ አሽሽተው ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁት። ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች የተሠራ ፊልም አላየንም፤ ቢኖር ከሁሉ አስቀድመን የምናየው እርሱን ነበር።

ብዕር መያዝ ግን ሕይወት ያስከፍል ነበር። በ1453 ልዑል ሱያንግ በወንድሙ ልጅ ቤተ መንግሥት ላይ አድሞ ሥልጣኑን ያዘ፤ በኋላም ልጁን ሽሮ ነገሠ። በ2013 የወጣው «ፊት አንባቢው» የሚባለው ፊልም የሚያሳየው ይህን ነው፤ (ፊልሙ ደኅና ነው፥ ጥቂት ይረዝማል)። 45 ዓመት ቈይቶ ኪም ኢል ሶን የተባለ ታሪክ ጸሐፊ ያንን አድማ የሚነቅፍ የመምህሩን ጽሑፍ በረቂቁ ውስጥ አስገባ። በዙፋኑ ላይ የነበረው የሱያንግ የልጅ ልጅ ልጅ፥ ዮንሳንጉን፥ ሕጉን ጥሶ ረቂቁን አስመጣ። ኪም ኢል ሶን በ1498 ተገደለ፤ ሌሎችም ከርሱ ጋር ተገደሉ፥ ተጋዙም።

ይህ ዮንሳንጉን ለኮሪያ ሲኒማ አዲስ ሰው አይደለም፤ ሺን ሳንግ ኦክ በ1961 በስሙ ፊልም ሠርቶለታል። እኛ ያየነው ግን ሊ ጁን ኢክ በ2005 ያወጣውን፥ ሁለት ተንከራታች ቧልተኞች በንጉሡ ላይ ሲቀልዱ የሚያዙበትን ነው። «ንጉሡ ከሳቀ ስድብ አይደለም» ብለው ይከራከራሉ፤ ንጉሡም ይስቃል። ኋላ ግን በመርዝ ስለ ተገደለች እቴጌ ጨዋታ ሲያሳዩት የናቱን ሞት ያስታውስና በዚያው ጨዋታ መካከል የአባቱን ዕቁባቶች ይገድላል። እናቱ በ1482 መርዝ ጠጥታ እንድትሞት መፈረዱ፥ ዕቁባቶቹንም በ1504 መግደሉ እውነት ነው። ጎንግጊል የሚባል ቧልተኛም ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ ስለርሱ ያለው ጥቂት ቃል ብቻ ነው። የኮንፊውሺየስን ትምህርት ጠቅሶ ንጉሥ የንጉሥን ሥራ መሥራት እንደሚገባው ስለ ተናገረ ተገርፎ ተጋዘ ይላል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ከዚህ ወጣ!

እዚህ ላይ ሁለት ሆነን ተከፈልን። ገሚሶቻችን ፊልም ሠሪ ያልተጻፈውን መጨመሩ ውሸት ነው አልን፤ ገሚሶቻችን የለም፥ ባዶውን ቦታ መሙላት መብቱ ነው አልን። ክርክራችንን ጥቂት ያቀናልን በ2019 የሆነው ነገር ነው። የኮሪያን ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ ራሱ በ1443 እንደ ሠራው ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል፤ በዚያ ዓመት የወጣ አንድ ፊልም ግን ዋናውን ሥራ ለአንድ የቡድሃ መነኵሴ ሰጠው። የኮሪያ ተመልካች ተቈጣ፥ ብዙም ሰው አላየውም። እነዚያው ተመልካቾች ኖሮ የማያውቀውን ቀልደኛ ንጉሥ በደስታ ተቀብለውት ነበር። ለኛ እንደሚመስለን ጸሐፊው ዝም ባለበት መናገርና ጸሐፊው የተናገረውን መፋቅ አንድ አይደሉም። ሆኖም ይህም ፍርድ የሚበቃ አልሆነም፤ የተሻሩትን ነገሥታት መዝገብ ያዘጋጁት ከሻሩአቸው ሰዎች ወገን ናቸውና። የዮንሳንጉንና የጓንግሄ መዝገብ እንደ ሌሎቹ ዜና መዋዕል ተብሎ እንኳ አልተጠራም፤ «የዕለት ማስታወሻ» ተብሎ ቀረ።

የመጨረሻው ፊልም የሊ ጁን ኢክ «ሳዶ» ነው፤ በ2015 ወጣ። ንጉሥ ዮንግጆ በ1762 ልጁን አልጋ ወራሹን ሳዶን በሩዝ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ አሳሸገው፤ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። በፊልሙ ውስጥ የሳዶ ትንሽ ልጅ ለአባቱ ውኃ ልስጥ ብሎ አያቱን ይለምናል። ከኛ መካከል ከቤቱ ከአባቱ ጋር ተኳርፎ የመጣ አንድ ልጅ ነበርና በዚህ ቦታ ወጥቶ ሄደ፤ ማንም አልተከተለውም።

ያ ትንሽ ልጅ አድጎ በ1776 ጆንግጆ ተብሎ ነገሠ፤ ከመልካሞቹ ነገሥታት አንዱ ነው ይባላል። ሊነግሥ ጥቂት ሲቀረው አያቱን አንድ ነገር ለመነ፤ በንጉሡ ጽሕፈት ቤት የዕለት መዝገብ ላይ ስለ አባቱ መከራ የተጻፈው በውኃ እንዲታጠብ። ልመናው ተፈጸመ፤ ያ ወረቀት ዛሬ የለም። በአባቱ ክብር ስለ ቀና ያደረገው ነው፥ እኛም ብንሆን እናደርገው ነበር የሚሉ አሉ፤ ኪም ኢል ሶን የሞተለትን ነገር በገዛ እጁ አጠፋ የሚሉም አሉ። በክበባችን ድምፅ ቢሰጥበት እኩል ለእኩል ሆነ።

ነገር ግን የሳዶ ሚስት፥ የጆንግጆ እናት፥ ወይዘሮ ሄግዮንግ በሕይወት ነበረች። በ1795 ብዕር አንሥታ ያየችውን መጻፍ ጀመረች። ልጅዋ በ1800 ሞተ፤ እርስዋ ግን እስከ 1805 ድረስ ጻፈች።