ዳኛውን ያልሰሙት 12 ሰዎች

ዛሬ ወደ ለንደን፣ ወደ 1985 እንመለሳለን፤ አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው።

ክላይቭ ፖንቲንግ የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ባልደረባ ነበር። በ1982 በፎክላንድ ጦርነት የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለችውን የአርጀንቲና መርከብ አሰጥሞ 323 ሰዎች ሞተዋል። ፖንቲንግ፣ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ፓርላማውን እያሳሳተ ነው ብሎ አመነና ሰነዶችን ለአንድ የምክር ቤት አባል፣ ለታም ዳሊየል ላከ። ልብ በሉልኝ፤ ለባዕድ ሰላይ አይደለም፣ ሕዝብ ለመረጠው ሰው ነው። ቢሆንም በመንግሥት ምስጢር ሕግ ተከሰሰ።

ያደረግሁት ለአገር ጥቅም ነው ሲል ተከራከረ። ዳኛው ግን፣ የአገር ጥቅም የሚባለው በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት የሚለው ነው ብለው ለጁሪው አስረዱ። ጁሪ በእኛ አገር ችሎት የለም፤ እዚያ በዕጣ የሚመረጡ 12 ተራ ሰዎች ናቸው። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ይላሉ እንጂ ለምን እንዳሉ አይጠየቁም። ፖንቲንግን ነጻ አሉት።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1989 አዲስ የምስጢር ሕግ ወጣ፤ ፖንቲንግ የተከራከረበት በርም ተዘጋ። የዘጋውም ያው ፓርላማው ነው።