ከሩጫው በኋላ ያለ ተራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ «ስለ በረዶ ጠረጋው ተራ አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ «እሺ፣ ግን የማወራው ስለ መጫወቻ መኪና ነው» አልኩት። ሳቀ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የ14 ዓመት ልጄ በሬዲዮ የሚታዘዝ መኪና ይነዳል። መኪና ማቆሚያው ላይ ሲያሽከረክር ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። እኔ በበኩሌ ነገሩን ገንዘብ ማባከኛ ነው እንጂ ሌላ አልለውም ነበር። «ትምህርትህን ትተህ በአሻንጉሊት!» እያልኩ ስጨቀጭቀው ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እሱም ስለ መኪናው ለእኔ መናገር ተወ። ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤቱም፣ ስለ ጓደኞቹም መናገር ተወ። ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ በጠዋት፣ «ተነሥ፣ ወደ ውድድሩ እኔ እወስድሃለሁ» አልኩት።

ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን በ270 ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያም በ15 ቁጥር መንገድ የካቶክቲንን ተራራ በግራ እያየን፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ያ ትልቅ ጦርነት በተደረገባት በጌቲስበርግ በኩል አልፈን ወደ ፔንስልቬንያ መሐል ዘለቅን። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እስከ ፍሬድሪክ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከጌቲስበርግ በኋላ ግን ሳልጠይቀው ጀመረ። ያ አገር የአፈር ሜዳ እሽቅድምድም አገር መሆኑን፣ እዚያው መካኒክስበርግ ያለው የዊልያምስ ግሮቭ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ተከፍቶ ትልልቆቹ መኪናዎች አፈር እየበተኑ የሚሽቀዳደሙበት መሆኑን ነገረኝ። እኛ የምንሄድበት የትንንሾቹ ሜዳ ነው።

ሜዳው እንዲህ ነው። የሸክላ አፈር ተደልድሎ፣ ውሃ ተረጭቶበትና ተጠቅጥቆ ሞላላ ሆኗል። መኪናዎቹ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ናቸው፤ ርዝመታቸው ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ ስለሚታጠፉ ክብደታቸው ወደ ግራ እንዲያደላ ተደርገው ይሠራሉ። ነጂዎቹ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተደርድረው ቆመው በእጃቸው በያዙት ሬዲዮ ያዟቸዋል። አንድ ዙር ጥቂት ሴኮንድ ቢሆን ነው። በየመኪናው ውስጥ ያለች ትንሽ መሣሪያ መጨረሻው መስመር ሥር ከተቀበረ ሽቦ በላይ ባለፈች ቁጥር ዙሩ ራሱ ይቆጠራል። አፈሩ ጠዋት እርጥብ ነው፣ ከሰዓት ይደርቃል፤ ስለዚህ ጠዋት የያዘው ጎማ ከሰዓት ይከዳል። ልጄ ጎማ በእጁ እየጨበጠ ልስላሴውን ሲለካ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ የማላውቀው ሰው መሰለኝ።

ከጎናችን ያሉት ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን፣ ወርቅማ አሉሚኒየም ያለውን አርሲ10 የተባለ መኪና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውታል። «በዚያን ጊዜ» አሉኝ፣ «ሁለት ሰው በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ከከፈተ መኪናው ይሳከራል። ስለዚህ የየሞገዱ መቆንጠጫ ሰሌዳ ላይ ይሰቀል ነበር። መቆንጠጫውን የያዘ ይከፍታል፤ ያልያዘ ተራውን ይጠብቃል።» ዛሬ ሬዲዮዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠሩ እርስ በርስ አይነካኩም። ግን አንድ ነገር አልተለወጠም ብለው ስለ ማርሻሉ ነገሩኝ።

ማርሻል ማለት በየመታጠፊያው ቆሞ የተገለበጠ መኪና የሚያነሣ ሰው ነው። ደሞዝ የለውም። ሕጉ አጭር ነው፦ ሩጫህን እንደጨረስክ መኪናህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና ለሚቀጥሉት ማርሻል ሁን። ያሸነፈም፣ የተሸነፈም፣ መኪናው የተሰበረበትም ይቆማል።

በመጀመሪያው ዙር ልጄ ቸኩሎ ያጠበቀው የጎማ ቡሎን ወልቆ ጎማው ብቻውን እየተንከባለለ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሽማግሌው ከራሳቸው ሣጥን ቡሎን አውጥተው ሰጡት፤ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ። ሁለተኛው ሩጫ ላይ ልጄ ሦስተኛ ሆኖ ሲሮጥ በሦስተኛው መታጠፊያ ተገለበጠ። አራት ጎማ ወደ ሰማይ! ማንሣት የአንድ አፍታ ሥራ ነበር፤ ግን ቦታው ላይ ሰው የለም። በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ ማንም አልመጣም። ከሌላው መታጠፊያ አንድ ሰው ሮጦ እስኪደርስ ሌሎቹ ደጋግመው አለፉት።

እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ! «የማን ተራ ነው? እንዴት ያለ ኃላፊነት የማይሰማው ሰው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ለካስ ባለተራው የራሱን ሩጫ ጨርሶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ መንገድ ሳይጨናነቅብኝ ብሎ ሄዷል።

ማታ ላይ ልጄ በሁለተኛው ምድብ ማጠቃለያ አራተኛ ወጣ። የቀረው የአንደኛው ምድብ ነው። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ሥራ ገቢ ነኝ፣ ጨልሟል፣ ብርዱም ጀምሯል። «በል ዕቃህን ሰብስብ፣ እንሂድ» አልኩት።

«አባዬ፣ ማርሻል ነኝ» አለኝ።

«ተወው፣ አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይሆናል?»

ቀና ብሎ አየኝና፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ቅድም የተቆጣኸው በማን ላይ ነበር?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሱ ቦታው ላይ ቆመ። ሌላ አንድ መታጠፊያ ሰው ስለጎደለው ሽማግሌው ብርቱካንማ ሰደርያ ሰጡኝና እኔም ቆምኩ። «ጀርባህን ለሚመጣው መኪና አትስጥ፤ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ግባ፤ አንሥተህ አፍንጫውን ወደሚሄድበት አድርገህ አስቀምጥና ውጣ፤ የማን ነው ብለህ አትጠይቅ» አሉኝ። ሁለት መኪና አነሣሁ። የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስንመለስ ልጄ እስከ ቤታችን በር ድረስ ሲያወራ ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው የካቲት በረዶ የጣለ ጊዜ ተራው በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት የእኔ ስም ነበረ። እኔ የራሴን ደጅ ጠርጌ፣ መኪናዬን አስነሥቼ ሥራዬ ሄድኩ። እዚያ ጥግ ያሉት እናታችን የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ደረጃቸው በበረዶ ተሸፍኖ መውጣት ሳይችሉ ቀሩ። ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ጠበቁ። ማን እንደቀረ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ስምንት ወር ሙሉ በደጃቸው ሳልፍ «እንደምን አሉ እማማ» ስላቸው «ደኅና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ያ ዕቃውን ጠቅልሎ የሄደው ሰው፣ የጮኽኩበት፣ እኔው ነኝ።

እማማ፣ እዚህ ስላሉ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ለእናንተ የምለው ረዥም አይደለም። ሁላችንም የራሳችን ሩጫ አለን፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ አለ፣ ሌሊት የሚገባ አለ። ቢሆንም የእኛ ሩጫ ሲያልቅ የሌላው እንደሚጀምር አንርሳ። የማይችል ሰው አስቀድሞ ይናገርና ሌላ ይተካ፤ ይህ ነውር የለውም። ነውሩ ስምን ሰሌዳ ላይ ትቶ መሄድ ነው።

የዘንድሮው የበረዶ ጠረጋ ተራ ዛሬ ማታ በር አጠገብ ይለጠፋል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ፤ በሁለተኛው የልጄ። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው።