ለራስ ጠበቃ ስለ መሆን
(ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ደግሞም «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ሌላ ተረት አለን። ዛሬ በአዲስ ገቢዎች ፊት የምንሟገተው ለሁለተኛው ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምንመጣው በታላቅ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብለን አድገን ነው። ጨዋነቱስ መልካም ነው። ነገር ግን ውጤታችን ሳይመዘገብ ሲቀር፣ ወይም ታመን ፈተና ሲያልፈን አፋችንን ይዘን መቀመጣችን ማንን ያከብራል? አንድ ጓደኛችን በፈተና ሳምንት ታሞ ተኛ። የሐኪም ወረቀት በእጁ ሳለ መምህሩን ለማስቸገር አፍሮ ቀኑን አሳለፈው። የማመልከቻው ጊዜ ካለቀ በኋላ ዘመድ አማላጅ ቢልክ የሰማው አልነበረም። አንድ ዓመት ያስበላው ይሉኝታ ነው።

አማላጅ መፈለግ የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ስለ ራስ መሟገትም ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከዳኛ ፊት ቆመው ነገራቸውን በገዛ አንደበታቸው ሲያስረዱ ኖረዋል። ዛሬም የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪን መብትና ግዴታ ይደነግጋል፤ አቤቱታ ለማንና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ለማወቅ ደግሞ የየዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ሕግ ማንበብ ነው። ቀነ ገደቡ ብዙውን ጊዜ አጭር ነውና ንባቡ ችግር እስኪደርስ አይጠበቅም።

ቀጥሎ ሥርዓቱን መያዝ ነው። አስቀድመን ወደ መምህሩ እንሂድ፤ «መምህር፣ ያልገባኝ ነገር ስላለ የፈተና ወረቀቴን ቢያሳዩኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። መልስ ካጣን ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ዲኑ እንለፍ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርቱ ስም፣ የሆነው ነገርና የምንጠይቀው ይበቃዋል። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን አንዱን መዝገብ ቤት እናስገባ፤ በሌላው ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን አስመትተን እናስቀምጥ። ታርመው የተመለሱልንን ወረቀቶችም አንጣል። ብቻውን ቢሮ መግባት የከበደው፣ ወይም አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ጓደኛ ቢኖር አጅበነው እንሂድ፤ ነገሩን የሚናገረው ግን ባለጉዳዩ ይሁን።

ክቡራን መምህራን፤ ጥያቄያችንን እንደ ንቀት እንዳትቆጥሩብን እንለምናለን። የሚጠይቃችሁ ተማሪ ፍርዳችሁን ያመነ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ ለገዛ ጉዳዩ አንዲት ማመልከቻ መጻፍ የፈራ ሰው፣ ነገ ሐኪም ወይም ዳኛ ሲሆን ስለ ደካማው እንዴት አድርጎ ይናገራል? እንግዲህ ከዛሬ ጀምረን እንልመደው።