አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው የቁጠባ ሪፖርት አይደለም፤ እሱ በተራው ይመጣል። የዛሬው ስለ ስልክ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስፒከር ስም ነው። «የዕቃ ስም ደግሞ ምን ያነጋግራል?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ዳሩ ግን «ፓኬጄ ሳልጠቀምበት አለቀ»፣ «ቴሌቪዥኑ ፓስወርዱ ስህተት ነው ይለኛል»፣ «የኔ ቪዲዮ ጎረቤት ቤት ታየ» እየተባለ ወደ እኛ የሚመጣው ነገር ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዕቃ በአንድ ስም ሲጠራ እናገኛለን።

ለሒሳብ ሠራተኛ ይህ አዲስ ችግር አይደለም። በመዝገብ ላይ «አልማዝ» ብቻ ብለን ብንጽፍ ገንዘቡ የየትኛዋ አልማዝ እንደሆነ ማን ያውቃል? የአባት ስም ሲጨመር ይሻላል፤ የአያት ሲጨመር ደግሞ የበለጠ ይሻላል፤ ፈጽሞ ግን አይለይም። ለዚህ ነው እያንዳንዷ አባል የደብተር ቁጥር ያላት። የፋይዳ መታወቂያም 12 አሃዝ የሚሰጠን ስማችን ስላልበቃ ነው። በቴሌብር ገንዘብ ስንልክ መጀመሪያ የስልክ ቁጥር እናስገባለን፤ ከዚያ ስም ይመጣል፤ ስሙን አይተን እናጸድቃለን። ቁጥሩ ሰውየውን ይለያል፣ ስሙ የእኛን ዓይን ይረዳል። የአንኮበር ሰው ደግሞ በዚህ ነገር አይታማም። አባ ዲና ሲባል ሣህለ ሥላሴ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆናቸውን አያቶቻችን ያውቁ ነበር። የፈረስ ስም የክብር ስም ነው፤ ነገር ግን መኮንን የሚባል ሰው በበዛበት አገር «አባ ቃኘው» ማለት የትኛው መኮንን እንደሆነም ቁርጡን ይናገራል።

ዕቃዎቻችንም እንዲሁ ቁጥርና ስም አላቸው። ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ ያለው ዕቃ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት፣ 12 ምልክት ያለው የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል። ስሙ ግን የሞዴሉ ስም ነው። ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ቴክኖ ስልክ የገዙ ሦስት እኅትማማቾች ሦስቱም ስልኮቻቸው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ካልለወጡት እንደዚያው ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ብላችሁ ያዙልን፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። በብሉቱዝ ጊዜ ስልኩ ራሱ አይሳሳትም። አንድ ጊዜ የተዋወቀውን ስፒከር በአድራሻው ነው የሚያስታውሰው። የሚሳሳተው ዝርዝሩን አይቶ የሚነካው ሰው ነው። በሆትስፖት ጊዜ ግን ስልኩም ቴሌቪዥኑም ኔትወርኩን የሚያስታውሱት በስሙ ነው። ስሙና ፓስወርዱ አንድ ከሆነ፣ የማንም ይሁን የማን፣ «የማውቀው ነው» ብሎ ይገባል።

ከብሉቱዙ እንጀምር። አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ሊነበብ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ስፒከሩ በጭፈራ ዘፈን ጮኸ። ከአጥር ወዲያ ያለ ልጅ የራሱን ስፒከር የነካ መስሎት የድንኳኑን ነክቷል። ሁለቱም በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ፣ ስማቸው አንድ የሆነ፣ ፓስወርድ የማይጠይቁ ስፒከሮች ናቸው። የድንኳኑ ስፒከር በዚያ ደቂቃ ከማንም ስልክ ጋር አልተያያዘም ነበርና የመጣለትን ተቀበለ። ብሉቱዝ ወደ 10 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ የድንኳን ሸራም አይከለክለውም። ልጁን የወቀሱት ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን በልጁ አልፈረድንም፤ በስልኩ ላይ ያየው አንድ ስም ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ስፒከሮች ባንድ ጊዜ አለማብራት ነው። አንዱን አጥፍታችሁ ሌላውን ከስልካችሁ ጋር አያይዙ፤ ከዚያ በብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ በስሙ አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ ስሙን ለውጡ። ይህ የስም ለውጥ ግን ብዙውን ጊዜ በእናንተ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። የሌላው ሰው ስልክ አሁንም የድሮውን ስም ያያል። ስለዚህ ለለቅሶም ለሠርግም ስፒከር ስትዋሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ስልክ እንደተያያዘ ይቆይ፤ ወይም በሽቦ ይሁን። ሽቦ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ወደ ሆትስፖቱ ስንመጣ ነገሩ ገንዘብ ነው። የስልክ ሆትስፖት ፓስወርድ ቢያንስ 8 ምልክት ይፈልጋል፤ እናም ሰው ሁሉ ከአንድ እስከ ስምንት ይቆጥርና ያስገባል። አንዲት እናት ማታ ለልጆቿ ፊልም ልታሳይ የስልኳን ሆትስፖት ትከፍታለች። ቴሌቪዥኑ ይፈልግና ያገኛል። ያገኘው ግን በግድግዳው ማዶ ያለውን፣ ስሙም ፓስወርዱም አንድ የሆነውን የጎረቤቷን ስልክ ሊሆን ይችላል። በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል። በማግስቱ ጎረቤቲቱ «ፓኬጄ ተሰረቀ» ትላለች። የሰረቀ የለም፤ የከፈለች ግን አለች። ሒሳቡም በማንም ደብተር ላይ ስለማይታይ ቂም ሆኖ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ቡና መጠራራት ያቆሙ ጎረቤቶች ስላሉ ነው ጉዳዩን ወደ ስብሰባ ያመጣነው።

ስሙ አንድ ሆኖ ፓስወርዱ ሲለያይ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ቴሌቪዥኑ ወደ ጎረቤት ኔትወርክ እየሄደ በእናንተ ፓስወርድ ያንኳኳል፤ «ፓስወርዱ ስህተት ነው» ይላችኋል። እናንተ ደግሞ ትክክለኛውን አሥር ጊዜ ትጽፋላችሁ። እንዲህ ሲሆን ቴሌቪዥኑን ወደ ጥገና አትውሰዱት። በስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት የሚለውን ከፍታችሁ ስሙን ለውጡ፤ ፓስወርዱንም አብራችሁ ለውጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮውን ስም አስረሱት፤ ከዚያ አዲሱን ያዙ። በዚሁ አጋጣሚ ስንት ዕቃ እንደገባ ስልካችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ከምታውቁት በላይ ከሆነ ፓስወርዱ ወጥቷል ማለት ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ መጻፍ ደስ ይላል፤ የኔትወርክ ስም ግን ከ32 ባይት አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 10 ፊደል ላይ ያልቃል፤ አንዳንድ ቴሌቪዥንም ፊደሉን ትቶ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ለኔትወርክ በላቲን ፊደል ብትጽፉ ይሻላል። ሙሉ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ግን አታስገቡበት፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። «ላይኛው ቤት»፣ «ወፍጮው አጠገብ» ዓይነት፣ እናንተ የምታውቁት ስም ይበቃል።

ቴሌቪዥን ላይ ከገንዘቡ ይልቅ ገመናው ነው የሚያሰጋው። ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ምስል የሚሄድበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ካስት» የሚባለው፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሆኑ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው የስልኩን ገጽ እንዳለ ማሳየት ነው፤ በአንዳንድ ስልክ «ስማርት ቪው»፣ በሌላው «ስክሪን ሚረር» ይባላል። ይኼኛው ብዙ ጊዜ ዋይፋይ ራውተር ሳያስፈልገው በቀጥታ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ይሄዳል፤ የጎረቤታችሁም ቴሌቪዥን በዝርዝራችሁ ላይ ይመጣል። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ካለ ሁለት አንድ ዓይነት ስም ታያላችሁ። የተሳሳተውን ነክታችሁ፣ በዚያ ቤት ያለው ሰው «ፍቀድ» የሚለውን ከተጫነ፣ ከዚያ በኋላ የምትከፍቱት መልእክት፣ ፎቶ፣ የባንክ ገጽ ሁሉ እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ስም ከሴቲንጉ ውስጥ ለውጡት፤ ብዙውን ጊዜ «አባውት» ወይም «ዲቫይስ ኔም» በሚለው ሥር ይገኛል። እናንተ ሳትጠይቁ ቴሌቪዥናችሁ «ስልክ ሊገባ ነው፣ ልፍቀድ?» ካላችሁም «አትፍቀድ» በሉት። ጎረቤት ነው ብሎ መፍቀድ እዚህ ላይ ደግነት አይደለም።

የሠርግ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ወደ ቴሌቪዥን በዋይፋይ የምታሳዩም አላችሁ። ሱቅ ውስጥ በአንድ ኮፒ የተጫኑ ሁለት ላፕቶፖች ስማቸው አንድ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም፣ አንዳንዴም አንዱ ጭራሽ አይታይም። ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «አባውት» ብላችሁ ስሙን ለውጡና አጥፍታችሁ አብሩት። ከ15 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል።

ስሙ ሁሉ ተለውጦም አልሠራ ካለ ምናልባት የተጋጨው ራውተሩ የሚያድለው ጊዜያዊ ቁጥር ነው። አንድ ሰው በእጁ ቁጥር የሰጠው ዕቃ ካለ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በተለይ። ምልክቱ ዋይፋዩ «ተያይዟል» እያለ ቪዲዮው መቆራረጡ ነው። ሁሉንም አጥፉ፤ ራውተሩን ብቻ አብርታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ሌላውን ተራ በተራ አብሩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ከሪፖርቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይዘናል፤ ከአንድ ግቢ የመጣችሁ ጎን ለጎን ተቀመጡና የሆትስፖት ስማችሁን በየተራ እንለውጣለን። የማኅበሩ ስፒከርም በጀርባው ላይ የንብረት ቁጥር ይለጠፍበታል፤ የሚዋሰው ሰው ቁጥሩን አይቶ ይፈርማል።