የአሮጌ ሞተር ሳይክል ፍሬን ሲታደስ

ሆንዳ ሲቢ 750 የተባለው የጃፓን ሞተር ሳይክል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ለገበያ ሲቀርብ፣ በፊት ጎማው ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ይዞ በብዛት ከተመረቱት ቀደምት ሞተር ሳይክሎች አንዱ ነበር። የዚህ ፍሬን ዋና ክፍል ካሊፐር ይባላል፤ ይኸውም ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ በሁለት ሸራዎች መካከል ጨብጦ የሚያቆም፣ በውስጡም አንድ ፒስተን ያለው አካል ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ለዓመታት ሳይቀየር ሲቆይ ፒስተኑ ይዝጋል፣ ፒስተኑን የሚከበው የጎማ ቀለበት (ጎሚኒ) በተቀመጠበት ቦይ ውስጥም ጠጣር ዝቃጭ ይጋገራል። ብዙዎች የሚዘነጉት ታላቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ያ ቀጭን ጎሚኒ ዘይቱ እንዳይፈስ ከማገዱም በላይ፣ ፍሬኑ ሲያዝ በጥቂቱ ተለጥጦ፣ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይስበዋል። ስለዚህ ቦዩ እስከ ጥግ ድረስ ሳይጸዳ አዲስ ጎሚኒ ቢገጠም ፒስተኑ መመለስ ያቅተዋል፣ ሸራዎቹ ዲስኩን እየፈተጉ ያግሉታል።

ተጣብቆ እምቢ ያለ ፒስተን በጉጠት ከሚጎዳ ይልቅ፣ ካሊፐሩ ከዘይት ቱቦው ሳይለያይ የፍሬኑን እጀታ ደጋግሞ በመጫን በራሱ ዘይት ግፊት ቢወጣ ይሻላል፤ የፒስተኑ ገጽ በዝገት የተቦረቦረ ከሆነም ፒስተኑ መለወጥ አለበት። በሚገጠምበት ጊዜ የሚቀባው ንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው፤ የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በመጨረሻም በቱቦው የቀረው አየር ተጠርጎ ወጥቶ እጀታው ሲጫኑት እስኪጠነክር ድረስ፣ ማንም ሰው ሞተር ሳይክሉን ወደ መንገድ ሊያወጣው አይገባም።