የዛገች መኪና ያስተማረችን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ስለ ታላቅ ግኝት ልንናገር አይደለም። የምንናገረው በሐይቅ ከተማ፥ በአንድ ግቢ ጓሮ፥ ከባሕር ዛፍ ሥር ተጥላ ስለ ኖረች አንዲት ቮልስዋገን ነው። ባለፈው ክረምት አምስት የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ዕረፍታችንን ለእርስዋ ሰጠን፤ ያገኘነው ትምህርት ለሌላውም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

መኪናዋ እንደ ሌሎቹ ቮልሶች ጣራዋ ቆርቆሮ አይደለም፤ ታጥፎ ወደ ኋላ የሚተኛ ሸራ ነው። ይህን ዐይነት ካርማን የተባለው ፋብሪካ በጀርመን አገር በኦስናብሩክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ ከ330 ሺሕ በላይ ሠርቷል። ይህችኛዋን የገዟት የአንዱ ጓደኛችን አያት ናቸው፤ እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን የነካት አልነበረም። ሸራው ተቀደደ፤ የክረምቱ ዝናብ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኛ፤ ዶሮዎችም የኋላ ወንበሩን ጎጆ አደረጉት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከተማችን ሲያልፍ እርስዋን የፈለጋት የለም። ሲበላት የኖረው ዝገት ያን ጊዜ አዳናት ማለት ነው።

ሥራውን ስንጀምር የገጠመን ሳቅ ነው። «ለቁራሌው ስጡና ገንዘቡን ተካፈሉ» ያሉን ነበሩ። ከዚህ ይልቅ የከበደን ግን «ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላልን?» የሚለው ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለ እጅ ቡዳ ነው እያልን፥ እርሱ በሠራው ማረሻ አርሰን በልተናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል ዛሬም እዚሁ በወሎ፥ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ በመድፉ እንኮራለን፤ የብረት ሠራተኛውን ልጅ ግን ለጋብቻ ስንሸሸው ኖረናል። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ አይችሉም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ዝገት ማለት ብረት ከውሃና ከኦክሲጂን ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ሲሆን ነው፤ ይህን ሁላችንም በኬሚስትሪ ተምረን ፈተናውን አልፈናል። ነገር ግን ቀለሙ ደኅና የሚመስለውን ወለል በካቻቢቴ ስንወጋው ካቻቢቴው አልፎ መሬቱን ሲነካ፥ ትምህርቱ የገባን ያን ጊዜ ነው። በበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፉት ሳጥን መሰል ብረቶች ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ውሃው ተጠራቅሞ ከውስጥ የበላቸውም እነርሱን ነው።

እዚህ ላይ ስሕተታችንን አንሸሽግም። የግራውን ብረት እንደ ማንኛውም የበሰበሰ ቁራጭ ቆርጠን ጣልነው። ጣራ ያላት መኪና ጣራዋ ፊትና ኋላዋን አያይዞ ይደግፋታል፤ ሸራ ለባሿ ግን ጥንካሬዋ ሁሉ ያለው በወለሉና በእነዚሁ ብረቶች ላይ ነው። በማግሥቱ በሩን ልንዘጋ ብንል እምቢ አለን፤ የመኪናዋ ወገብ አንድ ጣት ያህል ጎብጧል። ከመካከላችን ሁለቱ ምህንድስና ይማራሉ፤ አንዳቸውም አስቀድመው አላሰቡትም።

ያዳኑን በደሴ ጋራዦች ዕድሜያቸውን የፈጁ፥ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ የብየዳ ሠራተኛ ናቸው። አልተቆጡንም። ከብየዳው በፊት የቤንዚኑን ማጠራቀሚያ ከፊት፥ ባትሪውንም ከኋላ ወንበር ሥር አስወጡን፤ ባዶ የመሰለ ማጠራቀሚያ በውስጡ በቀረው ትነት ፈንድቶ ሰው እንደሚገድል ነገሩን። ከዚያም በክሪክ ወገቧን ቀስ አድርገው አነሡ፤ የበሩን አፍ በሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለክተው ከቀኙ በር ጋር አስተያዩ፤ ልኩ ሲገጥም ብረት አግድመው በየዱበት፤ አዲሱን ላሜራ ያስገቡት ከዚህ በኋላ ነው። «መጀመሪያ ደግፉ፤ ቀጥሎ ቁረጡ» አሉን። እኚህ ሰው ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ካቻቢቴ፥ ክሪክ፥ ላሜራ፥ ካንዴላ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጠላት ተባርሮ ሲሄድ ቃሉ ቀረ፤ ሙያውን ግን የእኛ ሰዎች በዐይናቸው አይተው፥ በእጃቸው ሞክረው የራሳቸው አደረጉት። ጋሼ የሚያውቁትን የጻፈላቸው ሰው የለም፤ እርሳቸው ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እንግዲህ ያለውን መጠገን ለድኻ አገር ጨዋታ አይደለም።

የመኪናዋ ባለቤት እማማ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። የፊቱ ክንፍ የተጨረመተ ነው፤ እኛም አቃንተን ስቱኮ ልንቀባው ተዘጋጅተን ነበር። እርሳቸው ግን፥ «እሱን ተዉልኝ ልጆቼ፤ የበኵር ልጄ የተወለደ ዕለት አባቱ ደስ ብሎት ሲገባ ከበሩ ጋር ያጋጨው ነው» አሉን። ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን፥ የዝገት መከላከያ ቀብተን፥ ጭርምቱን እንዳለ ተውነው። ማደስ ማለት የኖሩበትን መፋቅ እንዳልሆነ ከእርሳቸው ተማርን።

ዛሬ ወለሉና የግራው ጎን አልቋል። የቀኙ ጎን ይቀራል፤ ሸራው አልተሰፋም፤ ሞተሩም ገና አልተነሣም። ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት አሳብ እናቀርባለን፤ አንደኛ፥ እንደ ጋሼ ያሉ ባለሙያዎች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተጋብዘው ከዚህ መድረክ ያስተምሩን፤ ሁለተኛ፥ የሚናገሩት በደብተር ተጽፎ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። በሚመጣው ዕረፍት ሐይቅ ድረስ መጥቶ ሊያግዘን የሚወድ ቢኖር፥ ደሴ ላይ በመኪና ተሳፍሮ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ያገኘናል። አሮጌ ልብስ ይዞ ይምጣ፤ የቀኙንም ብረት ሳንደግፍ አንቆርጥም።