ያላለቀሱት ሰው፦ ስለ ተጠርጣሪ ሁኔታና ስለ ሕዝብ ግምት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ማስረጃ ምዘና እንድናገር ሲጋብዙኝ ከሕግ አንቀጽ ተነሥቼ ወደ ሰው እንድደርስ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን መንገዱን ገልብጬ ከአንድ ሰው ብነሣ እወዳለሁ። የኒህን ሰው ስም አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ያለ አግባብ ብዙ ተጠርቷልና።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ወር 1988 ዓ.ም. ነው። ስፍራው ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው ውስጥ የሚገኘው፣ ተወልጄ ያደግሁበት ሠፈር ነው። ኮልፌን የምታውቁ ሁሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከተራራው በኩል የሚወርደውን ብርድ ታስታውሳላችሁ። የጊዜው ቤታችን የጭቃ ነው፤ መስኮቱም አንድ ነው፤ ብርዱ ሲጠና የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። ጎረቤታችን የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ማታ ወጥተው ንጋት ላይ ይመለሳሉ። በዚያን ዕለት ጠዋትም እንደ ልማዳቸው ተመልሰው በሩን ከፍተው ገቡ። ጥቂት ቆይተው የከሰል ምድጃ ይዘው ወጡ፤ ከደጃፉ አስቀምጠው ውሃ ቸለሱበት፤ ተመልሰው መስኮቱን ከፈቱ። «ኧረ ድረሱልኝ!» ብለው የጮኹት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከአጥሩ ማዶ ፊቷን ስትታጠብ የነበረች አንዲት ሴት አየች። ባለቤታቸው አልጋቸው ላይ እንደ ተኙ ሞተው ተገኙ።

የዕድሩ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። አስከሬኑን ሊያጥቡ የገቡት ሴቶች ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ወጡ። የሟቿ ከንፈርና ጥፍር ቀልቷል አሉ፤ ታሞ የሞተ ሰው መልክ አይደለም አሉ። ከቀትር በፊት «መርዝ» የሚለው ቃል ሠፈሩን ዞረው። ከዕድሩ አንድ ሰው ለፖሊስ አመለከተ፤ ቀብሩ ቆመ፤ አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዶ በማግሥቱ ተመለሰና ተቀበረ።

እስከዚህ ድረስ ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ጥርጣሬ ሲኖር ማመልከት ተገቢ ነው፤ አስከሬን ማስመርመርም እንዲሁ። ጥፋቱ የመጣው ውጤቱ እስኪደርስ በነበረው ጊዜ ውስጥ ነው። ሠፈሩ ሥራ ፈቶ የሚጠብቅ አልሆነም፤ የራሱን ምርመራ ጀመረ፤ የሚመረምረውም ባልየውን ነበር። አላለቀሱም። ከድንኳኑ ጥግ እጃቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አድርገው መሬት መሬት እያዩ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ቀን ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሠልስቱ ደግሞ ደመወዛቸው እንዳይቆረጥ ወደ አሠሪዎቻቸው ሰው ላኩ። ይህ ሁሉ ተቆጠረ። እስከዚያ ቀን «እርሳቸው» ይባሉ የነበሩት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ «እሱ» ሆኑ። አንቱታን የመንሣት ቅጣት በየትኛውም የወንጀል ሕጋችን አልተጻፈም፤ ሆኖም ከቅጣት ሁሉ ቀድሞ የሚፈጸመው እርሱ ነው። ዛሬም የዜና አቀራረባችንን ብታስተውሉ ተጠርጣሪ የተባለ ሰው አንቱታው ሲነሣ ታያላችሁ።

መርማሪው የጎረቤቶችን ቃል ሲቀበል እኔም ተጠራሁ። ያን ጊዜ የሕግ ተማሪ ነበርሁ። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር የሚደነግገውን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3ን ለፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ። መርማሪው «ሁኔታው እንዴት ነበር?» ሲለኝ «የተረጋጋ ነበር፤ ሲያለቅስ አላየሁትም፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አይመስልም ነበር» ብዬ መለስሁ። እኔም «እሱ» ነበር ያልሁት። ፈረምሁ። የተማረ ሰው ቃል ነው ተብሎ ከሌሎቹ ሁሉ የኔ ክብደት ተሰጠው። ጎረቤታችን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት የ14 ቀን ቀጠሮ ተጠየቀባቸው፤ ተደገመ፤ ተሠለሰ። 42 ቀን መሆኑ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ መርዝ የሚባለው በእርግጥ ተገኘ፤ ያበላው ሰው ግን አልነበረም። ሟቿን የገደላቸው የከሰል ጭስ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የተኛው ሰው ሳይነቃ ያልቃል። ደሙንም ደማቅ ቀይ ያደርገዋል፤ አጣቢዎቹ በከንፈርና በጥፍር ላይ ያዩት ይህንኑ ነበር። ዓይናቸው አልዋሸም፤ ትርጉሙ ነው የሳተው። ሰውየውም ከመጮኻቸው በፊት ምድጃውን ማውጣታቸውና መስኮቱን መክፈታቸው ጭስ የሞላበት ክፍል የገባ አስተዋይ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዘጋ። ጎረቤታችን ከእስር ወጥተው ወደ ሠፈሩ የተመለሱት ዕቃቸውን ለመውሰድ ብቻ ነበር።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለቅሷችን በአደባባይ የሚፈጸም ሥርዓት መሆኑ ይታወቃል። ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ደረት ይመታል፤ አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም ሐዘንተኛውን እያየ ያለቅሳል። ይህ ሐዘንን ለመሸከም የሚረዳ ታላቅ ባህል ነው፤ ልነቅፈው አልመጣሁም። ነገር ግን የሞቱ ምክንያት ባልታወቀ ጊዜ ያው ድንኳን ችሎት ይሆናል። ያለቀሰ «የአዞ እንባ ነው» ይባላል፤ ያላለቀሰ «ልቡ ደንድኗል» ይባላል። ፊቱን የነጨ «ለማስመሰል ነው» ይባላል፤ ዝም ያለ «ምን ይበል?» ይባላል። ከዚህ ችሎት በነፃ የሚወጣበትን መንገድ አንድ ሰው ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

አባቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ይህን ስናነብ እንስቃለን። ዳሩ ግን ልጁ በየትኛው ቤት እንደሚወድቅ መንገዱን የሚያውቀው ማን ነበር? መቀነቱን የያዘው ሰውና ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ቀድሞ የጠረጠረው ቤት ነበረ ብዬ እገምታለሁ። በ1988 ዓ.ም. በኮልፌ መድኃኒት የጠጣ ልጅ አላስፈለገንም፤ የሰውየው ደረቅ ዓይን በቂ ሆነ።

ይህ የኛ ብቻ ደካማነት አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ኡሉሩ ከተባለው አለት አጠገብ በድንኳን ያደረች ወይዘሮ ሊንዲ ቻምበርሌይን የዘጠኝ ሳምንት ልጇን አጣች። ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ እንደ ወሰደባት ተናገረች። ሕዝቡ ግን በቴሌቪዥን ያየው የውሻውን ዱካ አይደለም፤ ሳታለቅስ የምትናገረውን እናት ነው። አለባበሷ፣ አነጋገሯ፣ ሃይማኖቷ ሳይቀር ተተነተነ። በ1982 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። በመኪናዋ ውስጥ የሕፃኗ ደም ነው የተባለው ነጠብጣብ የድምፅ መከላከያ ቅብ ሆኖ ተገኘ፤ በ1986 የሕፃኗ ጃኬት በዲንጎዎች ዋሻ አካባቢ ተገኘና እናቲቱ ከእስር ወጣች፤ ፍርዱ በ1988 ተሻረ። የሞቱ ምክንያት ዲንጎ ነው ተብሎ በሕግ የተመዘገበው ግን በ2012 ነው፤ ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በምዕተ ዓመቱ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የሚገኙበት አገር ይህን ያህል ከተሳሳተ፣ ውጤት ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣው የኛ ሠፈር ምን ይደንቃል?

ወደ አገራችን ልመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኙ። የአገሩ ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ፖሊስ ራሳቸውን ማጥፋታቸውን የምርመራው ውጤት እንደሚያሳይ ያስታወቀው ጳጉሜን 2 ቀን ነው። በመካከሉ ባሉት 43 ቀናት ግን ሕዝቡ ገዳይ እየሾመ ሲሽር ከረመ። መግለጫው በወጣም ጊዜ ብዙ ሰው ያመነው አልነበረም፤ አስቀድሞ በልቡ ፈርዶ ነበርና። እዚህ ላይ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ አይገባም። የመንግሥት አካል ዝም ባለበት ሁሉ ወሬ ይናገራል፤ የተቋማት ታማኝነት ቀድሞ ካልተገነባ በመግለጫ ቀን አይገነባም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት የታወቀች ወጣት ሞዴል አዲስ አበባ ውስጥ ከሕንፃ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ፤ የቅርብ ሰዋ የነበረ ድምፃዊም ተጠርጥሮ ተያዘ። የሁለቱንም ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን በዚህ መድረክ ላይ አልጠራም፤ ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገርም የምለው የለኝም። የምለው ያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ ይልቁንም በየስልኩ ስለ ሰማሁት ክርክር ነው። ገሚሱ ሰው «ፊቱን እዩት» ሲል ገሚሱም «ፊቱን እዩት» ይል ነበር፤ ፊቱ ግን አንድ ነው። ከፎቁ ቁመት፣ ከአስከሬኑ ጉዳት፣ ከጊዜው ቅደም ተከተል ይልቅ የአንድ ሰው ፊት ይህን ያህል ሲነበብ ሳይ የኮልፌው ድንኳን ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ሞት ከደረሰ በኋላ የሚታይ ጠባይ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለቴ ነውን? አይደለም። የሸሸ፣ ደም ያጠበ፣ አስከሬን የደበቀ፣ ምስክር ያስፈራራ ሰው ድርጊት ፈጽሟል፤ ድርጊት በጊዜና በቦታ ይረጋገጣል፤ ከሌላ ማስረጃ ጋር ይመዘናል። እርግጥ የሸሸም ሰው የሕዝብን ቁጣ ፈርቶ ሸሽቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። «ተረጋግቶ ነበር»፣ «ደንግጦ ነበር»፣ «አይመስልም ነበር» የሚሉት ግን ድርጊት አይደሉም፤ የተመልካቹ ግምት ናቸው። ዝምታን ለምሳሌ ውሰዱ። የተያዘ ሰው እንዳይናገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 መብት ሰጥቶታል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 ያለመመለስ መብት እንዳለው እንዲነገረው ያዛል። ሕጉ የፈቀደለትን ዝምታ እንደ ጥፋት ምልክት ከቆጠርንበት በአንድ እጃችን የሰጠነውን በሌላው መንጠቃችን ነው።

በዚህ አዳራሽ ዐቃብያነ ሕግ፣ ጠበቆችና ዳኞች፣ አንዳንድ መርማሪዎችም አላችሁ። የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ምስክር «የተረጋጋ ነበር» ሲላችሁ ቃሉን እንደ ወረደ አትጻፉት። ምን ሲያደርግ አየኸው? በስንት ሰዓት? ከየት ሆነህ? ከዚያ በፊት ሰውየውን በሐዘን ላይ አይተኸው ታውቃለህን? ብላችሁ ጠይቁ። እኔን መርማሪው ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ ጎረቤታችንን ከዚያ ቀን በፊት በአንድም ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንዳላየኋቸው፣ ማታ ማታ ሥራ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንደ ነበረባቸው እነግረው ነበር። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ የወሰዳቸውም ስንት ሌሊትና ቀን ሳይተኙ ቆይተው እንደሆነ አስልቼ በደረስሁበት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. እናቴ ለጓሮ አጥር የሚሆን እንጨት እንድገዛላት አጠና ተራ ልካኝ ሳለሁ እኒያን ሰው አገኘኋቸው። ሸብተዋል። ጠበቃ መሆኔን ሰምተዋል። እኔ እግሬ ቢከብደኝም ቀርቤ ሰላም አልኋቸውና፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቃሌን ከሰጡት አንዱ እኔ ነበርሁ» አልኋቸው።

«ዐውቃለሁ» አሉኝ። «ምን አልህ?»

ያልሁትን ቃል በቃል ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «ምድጃውን ማታ ሥራ ስሄድ ያቀጣጠልሁላት እኔ ነኝ። ብርድ አይምታት ብዬ፤ በሩንም በጨርቅ የወተፍሁት እኔ ነኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በኋላ እንባው ከየት ይምጣ?»

ሠፈሩ በፊታቸው ላይ የጥፋተኛነት ስሜት አየሁ ሲል ያየው ነገር ነበረ ማለት ነው። አስቤው የማላውቀው ይህን ነበር፤ መልስም አጣሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ያየኸውን ነው የተናገርኸው፤ አላለቀስሁም» አሉ። ከዚያም እናቴ ደህና እንደ ሆነች ጠየቁኝ፤ እንጨቱንም ከመኪናው ላይ ስጭን በአንደኛው ጫፍ ይዘው ረዱኝ።